ለሰርግ የተገዛ መኪና

በ1970 ዓ.ም. ጥር ላይ አባቴ ሦስት ቅዳሜ ሙሉ እጄን ይዞ መኪና ሲያማርጥ ከረመ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በሠራተኛ ሰፈር ካሉት ጓደኞቼ መካከል አባቷ መኪና ሊገዛ የተነሣ እኔ ብቻ ስለነበርኩ፣ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ በሚሄድበት በዚያ ጊዜ እኔ ቀና ብዬ ነበር የምራመደው።

አባቴ መምህር ነጋሽ ይባላል፤ ጂኦግራፊ ያስተምር ነበር። መኪና ኖሮት አያውቅም። መንጃ ፈቃዱን ያወጣው በወጣትነቱ ወለጋ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሲሠራ ነው። ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ቆንጅት ፀጉሬን አበጥራ፣ ለጸሎት ቤት የምለብሰውን ቀሚስ አልብሳ ለእሱ ታስረክበኛለች። ወንድሜ ዕዝራ በቤት አልነበረም። ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ከታኅሣሥ ጀምሮ ናዝሬት አክስታችን በለጠች ዘንድ ሄዶ ለማትሪክ እያጠና ነው ተብዬ ነበር። ስለዚህ አባቴ መኪና ለመምረጥ እኔን ብቻ ይዞ መዞሩን ከወንድሜ አብልጦ እንደወደደኝ ቆጠርኩት።

ያኔ አንድ ሰው ብቻውን ከጋራዥ ጋራዥ ሲዞር ዓይን ይገባ ነበር። ነጭ ካልሲ ያደረገች ልጅ እጅ የያዘን አባት ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

መካኒኩ ሐድጉ አብሮን ይሄዳል። አስመራ ሥራ የተማረ፣ ከፒያሳ ቁልቁል ትንሽ ጋራዥ የነበረው፣ ጥፍሩ ውስጥ ጥቁር ዘይት የማይጠፋ ዝምተኛ ሽማግሌ ነበር። በመጀመሪያው ቅዳሜ ከቴዎድሮስ አደባባይ ዝቅ ብሎ አንድ ግቢ ውስጥ ነጭ የቤት መኪና አየን። ወንበሩ ቀይ ቆዳ ነው፤ ሬዲዮ አለው። ሻጩ ሬዲዮውን ሲከፍትልኝ የዘማቾች መዝሙር ግቢውን ሞላው።

«አባዬ፣ ይሄ! ይሄ ይሁን!»

አባቴ ሬዲዮውን አላየም፤ ሞተሩንም አላየም። የኋላውን ዕቃ መጫኛ አስከፍቶ ክንዱን እስከ ትከሻው አስገባና ብዙ ቆየ።

«ጠባብ ነው» አለ።

«ለሦስት ሰው ቤተሰብ ነው አላሉም እንዴ?» ብሎ ሻጩ ሳቀ። አባቴ አልሳቀም። እኔ «አራት ነን!» ልል አፌን ስከፍት እጄን ጨመቅ አደረገኝ።

ጥግ ላይ አረንጓዴ ላንድሮቨር ቆሟል። ሐድጉ ጎማውን መታ መታ አድርጎ፣ «ይሄ መምህር፣ ዛፍ ላይም ይወጣል» አለው።

«ሲያዩት የመንግሥት ይመስላል ጋሽ ሐድጉ። እኔ ሰው የማያየው ነው የምፈልገው።»

መኪና ገዝቶ ሰው እንዳያየው የሚፈልግ አባት! እያለቀስኩ ነበር ቤቴ የገባሁት።

በሁለተኛው ቅዳሜ ዳቦ ያመላልስ የነበረ ዝግ መኪና አየን። ውስጡ ገብቼ ስሸተው የእርሾ ሽታ ነበረው። አባቴ በሩን ዘግቶ ከውጭ ቆመና፣ «ሶስና፣ ይታይሻል?» አለኝ። «አይታየኝም!» «ይሞቃል?» «ይሞቃል!» ከፈተልኝ። ለሐድጉም፣ «ዝግ መኪና ያየ ሰው ሁሉ መክፈት ያምረዋል» አለው። ከዚያ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና አየን፤ ሐድጉ ከሥሩ ተኝቶ ሲወጣ ፊቱ በርቶ ነበር። «ሞተሩ እንደ አዲስ ነው። ግን…» ድምፁን ቀነሰ፤ «በጣም ጥሩ ስለሆነ በሳምንቱ ይወስዱብዎታል። ለግንባር።» ኦጋዴን ጦርነት ነበር፤ እኔ የሰማሁት ግን ለጥሩ ነገር ሁሉ እንቢ እንደተባለ ብቻ ነው።

በሦስተኛው ቅዳሜ አባቴ ከሁሉም አስቀያሚውን መረጠ። አሮጌ፣ አነስ ያለ የፊያት ጭነት መኪና ነበር። ቀለሙ አንድ ጊዜ ሰማያዊ የነበረ ይመስላል። ስፖንዳው፣ የጭነቱ አጥር፣ የእንጨት ነው፤ በሳንቃዎቹ መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። አባቴ ኮቱን አውልቆ ሰጠኝ፣ ወደ ላይ ወጣ፣ ከዚያ ጭነቱ የሚቀመጥበት ወለል ላይ በጀርባው ተዘርግቶ ዓይኑን ጨፈነ።

«ጋሽ ሐድጉ፣ ሞተሩን ያስነሡት እስቲ።»

ሐድጉ አስነሣው። መኪናው እንደታመመ ሰው ተንቀጠቀጠ። አባቴ ሳይነሣ ቆየ። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ መምህር ነጋሽ፣ ክራባት አስሮ፣ አቧራ ላይ ተጋድሞ! ሲወርድ ያስለዋል።

«ጭሱ በወለሉ በኩል ይገባል» አለ።

«የጭስ ማውጫው ማርሚታ ቀዳዳ አለው።» ሐድጉ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «የሚጭኑት ምንድን ነው መምህር?»

«ዕቃ።»

«ዕቃው ጭስ አይወድም?»

«አይወድም።»

«ሙቀትስ?»

«ሙቀትም አይወድም። መንገጫገጭም ባይበዛበት።»

ሐድጉ አየኝ፣ ከዚያ አባቴን አየው። «ለሰኞ ይምጡ። ማርሚታውን ቀይሬ ጭሱን በጎን አወጣዋለሁ። እንዳይንገጫገጭ ባሌስትራውንም አየዋለሁ። ወለሉ ላይ ቆርቆሮ እመታለሁ፣ በላዩ ጣውላ።» አባቴ ስለ ሒሳብ ሊጠይቅ ሲል ጀርባውን ሰጥቶት ሄደ።

ሐድጉ ከዚያ ወዲያ አንድም ጥያቄ አልጠየቀም። እኔ ግን ለጓደኞቼ አባቴ ቲማቲም ሊነግድ መሆኑን ነገርኩ። ጭስና ሙቀት የማይወድ፣ ሲንገጫገጭ የሚበላሽ ሌላ ምን ዕቃ አለ?

የቲማቲሙን ነገር ያስተባበለችልኝ መይሙና ናት። መይሙና ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ሱቅ የነበራቸው የጋሽ አብዱልሃሚድ ልጅ ነች። እሳቸው የስልጤ ሰው ናቸው፤ ክር፣ ሳሙና፣ ፍራሽና ጆንያ ይሸጣሉ። አባቴና እሳቸው ሃያ ዓመት ጎረቤት ናቸው፤ መይሙናን ማታ ማታ ሒሳብና እንግሊዝኛ ያስጠናት አባቴ ነው። ያን ዓመት ዐሥራ ዘጠኝ ሆኗት የጽሕፈት መኪና ትማር ነበር። ባንኮኒው ላይ ጣቶቿን ዘርግታ፣ ሳታይ፣ ያልነበረ መሣሪያ ትመታለች። እኔን ስታይ «ምን ትላለች ይቺ ጩጬ!» ብላ ከረሜላ ትወረውርልኛለች። በሰፈሩ እንደሷ አፍ ያላት አልነበረም፤ ድልድዩ ላይ የሚለክፏትን ጎረምሶች በአንድ ቃል ታስቀምጣቸዋለች።

እናቴ በየቀኑ ማለት ይቻላል ወደ ሱቁ ትልከኛለች፤ ዘንቢል አስይዛኝ፣ «ይሄን ለመይሙና ስጪ፣ እንዳትከፍቺው» እያለች። ምግብ ነበር፤ ይሸተኛል። እናቴ ጋሽ አብዱልሃሚድ ሚስታቸው ስለሞተችባቸው የምታዝንላቸው መሰለኝ። አንድ ቀን ከባንኮኒው በላይ ካለው ቆጥ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ።

«ምንድን ነው?»

«አይጥ ነው» አለች መይሙና፣ ጣቷን ከባንኮኒው ሳታነሣ። «ትልቅ አይጥ። ማትሪክ ሊፈተን ነው።»

ሳቅኩ። ምንም አልገባኝም። ወንድሜ ከራሴ በላይ ሁለት ክንድ ያህል ከፍ ብሎ፣ በጆንያዎች መካከል ተጋድሞ፣ ሳቄን ይሰማ ነበር። ከክፍል ጓደኞቹ ሁለቱን ከቤታቸው ወስደዋቸው አልተመለሱም፤ የተከለከለውን ወረቀት በእጁ ያደለው ግን እሱ ነበር።

«ቲማቲም ማን አለሽ?» አለችኝ መይሙና በዚያው ሰሞን። «መኪናው ለሰርጌ ነው። አባትሽ ናቸው የሚወስዱኝ፤ አባቴ መንዳት አይችሉም። ወደ ቡታጅራ፣ ከዚያም ወዲያ። ሚዜዬ አንቺ ነሽ።»

«እውነትሽን ነው?»

«አላህን!» አለችና ባንኮኒውን ዞራ መጥታ አቀፈችኝ። በጣም አጥብቃ ስለነበር አመመኝ።

የሄድነው ማክሰኞ ጠዋት፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው። መኪናው ከሱቁ ጀርባ ባለው ግቢ ቆሟል። ስንደርስ አባቴ እናቴን አያት፤ እሷም «ጥላ ረስቻለሁ» ብላ ሩጬ ከቤት እንዳመጣ ላከችኝ። ዳገቱን ወጥቼ፣ ጥላውን ይዤ፣ ወርጄ ስመለስ ዕቃው ተጭኖ አልቋል፤ ረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች ከታች፣ ከላያቸው ስድስት አዳዲስ የጥጥ ፍራሽ፣ በላዩ የሙሽራ የቆርቆሮ ሳጥን። እናቴ የስፖንዳውን ሳንቃ በመዳፏ ይዛ፣ ግንባሯን አስደግፋ ትጸልያለች። ለመኪና ሲጸለይ አይቼ ስለማላውቅ አፈርኩላት።

«እማዬ፣ ሰው ያይሻል!»

ቀና ስትል ዓይኗ ደርቆ ነበር። ሳንቃውን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገችው፣ እንደ ሕፃን ጀርባ። ከዚያ ዞር ብላ ሳትመለከት ዳገቱን ወጣች።

ጋቢናው ውስጥ ሦስት ሆነን ተቀመጥን፤ አባቴ፣ እኔ መሐል፣ መይሙና በመስኮቱ በኩል። እጇ ሂና ተቀብቷል፣ ቀይ ሻርፕ ለብሳለች። በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ስንወርድ መፈክር የተጻፈባቸው ጨርቆች ከላያችን ይውለበለባሉ። የምናውቀው ሰው ቢያየኝ ብዬ አንገቴን አወጣለሁ። አባቴ ጉድጓድ ባየ ቁጥር ፍሬን ይይዛል፤ የተሳፈርንበት መኪና እንደ ቀብር ሰልፍ ነበር የሚሄደው።

ዓለም ገና ኬላው ላይ ገመድ ተዘርግቷል። ሦስት የአብዮት ጥበቃ ሰዎች ነበሩ። አንደኛው፣ ረጅም፣ ጠብመንጃውን በጀርባው አንጠልጥሎ እጁ ላይ ቀጭን ብረት የያዘ፣ መታወቂያ አየና፣ «ምን ጭነሃል?» አለው አባቴን።

«የሰርግ ዕቃ ነው።»

«የማን ሰርግ?»

አባቴ መልስ ሳይሰጥ ወደ እኔ አየ። እስከ ዛሬ ያ አስተያየቱ ከዓይኔ አልጠፋም። እኔ እንድናገር የፈቀደልኝ መሰለኝ።

«የመይሙና ነው! ይቺውና፣ ሂናዋን እየው። እኔ ሚዜዋ ነኝ። ፈረስ ይኖራል፤ በግም ይታረዳል።»

ሰውዬው አልመለሰልኝም፣ አልሳቀምም። ስፖንዳው ላይ ወጣ። ከኋላ መስኮቱ ሳየው ሳጥኑን ገፍቶ ፍራሹ ላይ በጫማው ቆመ። አቧራማ የወታደር ጫማ፣ በነጭ አዲስ ፍራሽ ላይ። ብረቱን ወደ ላይ አነሣ።

በመይሙና ጉልበት ላይ ተረማምጄ በሩን ከፍቼ ወረድኩ። ማንም አልያዘኝም።

«ውረድ! የሙሽራ ፍራሽ ነው፣ በጫማህ አትርገጠው! አታፍርም እንዴ? እናትህ ፍራሽ ላይ በጫማ ነው የምታስወጣህ?» እያለቀስኩ ነበር። «አቆሸሽከው! አሁን ምን ይባላል? ባሏ ምን ይላታል?»

ገመዱን የያዙት ሁለቱ በሳቅ ፈነዱ። «ኧረ ውረድላት ጓድ፣ እናትህን አነሣችብህ!» ረጅሙ ሰው ብረቱን ይዞ ቆሞ አየኝ። ወደ እግሩም አየ፤ ፍራሹ ላይ የጫማው ምልክት ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። ዝም ብሎ ወረደ። በአጠገቤ ሲያልፍ፣ «ለሰርግሽ እኔን እንዳትጠሪኝ» አለኝ።

ገመዱ ዝቅ አለ። አባቴ ብዙ መንገድ ከሄደ በኋላ መኪናውን አቁሞ ወርዶ ከቁጥቋጦ ጀርባ ሲያስመልስ ሰማሁት። መይሙና ራሴን ደረቷ ላይ አስጠግታ ጆሮዬን በእጇ ሸፈነችው።

ሰርግ አልነበረም። በቡታጅራ በኩል አልፈን፣ በእንሰት የተከበበ አንድ ትልቅ ሣር ቤት ደረስን። የመይሙና አያት ወተትና ቆጮ ሰጥተው ከጥጃዎቹ ጋር እንድጫወት ወደ ጓሮ ላኩኝ። ከጓሮ ስመለስ ፍራሾቹ ወርደዋል፣ ቤቱ ግን ዝም ብሏል፤ ፈረስ የለም፣ ዘፈን የለም። «ሙሽራው መንገድ ላይ ዘገየ» አሉኝ። በማግሥቱ ጠዋት መይሙና ግንባሬን ስማ፣ «በሁለት ሳምንት እመጣለሁ ሶስዬ» አለችኝ፤ አባቴና እኔ ተመለስን።

ሰፈር ስደርስ ልጆቹ ከበቡኝ። የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ሰብሳቢም በሱቁ በር ላይ አስቁማ፣ «እህ፣ የአብዱልሃሚድ ልጅ ሰርግ እንዴት ነበር?» አለችኝ። ሙሽራው ሳይመጣ ቀረ ልበል? ለሰፈሩ ሁሉ ያወራሁለት ሰርግ ባዶ ቤት ሆነ ልበል? ዐሥራ ሁለት ፈረስ ነበር አልኳት። ሙሽራው ረጅም ነው፣ የወርቅ ጥርስ አለው። ስትዘፍን ያደረችው አክስቱ ናት። አንድ ቃል ሳልሳሳት ለጠየቀኝ ሁሉ እንደዚሁ ተናገርኩ፤ በሕይወቴ የመጀመሪያው ትልቅ ውሸቴ ያ ነበር።

መይሙና በሁለት ሳምንት አልመጣችም፤ በወሩም አልመጣችም። ረሳችኝ ብዬ አኮረፍኩ። አባቴም መኪናውን በፋሲካ ሰሞን ሸጠው።

የመኪናውን ጉዳይ የሰማሁት ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1983 ዓ.ም. ነው። ዕዝራ በመይሙና አያት አገር ሁለት ዓመት በሌላ ስም እርሻ ሲያርስ ቆይቶ፣ ጅማ ትምህርቱን ጨርሶ ተመልሷል፤ በኋላም እንደ አባታችን መምህር ሆነ። አባቴ አንድ ከሰዓት በኋላ አስቀምጦ ሁሉንም ነገረኝ፤ የስፖንዳውን ክፍተት፣ ጭሱን፣ ሐድጉን፣ ከወንበሮቹ ሥር ዕዝራ እንዴት እንደተኛ። «ልጅ ሲዋሽ ያስታውቃል» አለኝ። «አንቺ እንዳትዋሺ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ። ይቅር በይኝ።» የኬላው ሰውዬ በጫማው የቆመው ልክ ከዕዝራ ደረት በላይ ነበር። ስለ መይሙና ስጠይቀው፣ «እዚያው አግብታ ቀረች» አለኝ፤ ከዚያ በላይ አልተናገረም። በየዓመቱ ጥር ላይ ለብቻው ቡታጅራ ይሄድና ማር ይዞ ይመጣ ነበር። ማር የሚወድ መሰለን።

አባቴ ያረፈው ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ አንዲት ጠና ያለች ሴት፣ ጥቁር ሻርፕ የተከናነበች፣ በሴት ልጇ ተደግፋ ገባች። ማንም አላወቃትም። ዕዝራ ግን ከመቀመጫው ተነሣ። ሽበቱ የወጣ ሰው፣ በመቶ ሰው ፊት፣ ጉልበቷ ላይ ወድቆ እንደ ሕፃን ጮኸ።

ማታ ሲቀዘቅዝ መይሙናን ይዤ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ወረድን። የምታውቀው ሁሉ እየጠፋባት፣ በየጥቂት እርምጃው ትቆማለች።

«ለምን ሳትመጪ ቀረሽ?» አልኳት። አርባ ዓመት የያዝኩት ጥያቄ ነበር።

«አባትሽ አልነገሩሽም?»

«አልነገረኝም።»

«እንግዲህ እኔም ባልነግርሽ ጥሩ ነበር። ሐሳቡ፣ ሰርጉ ፈርሷል ብዬ ልመለስ ነበር። ከዚያ አባቴ ሰው ላኩብኝ። ቀበሌው መዝገብ ላይ አግብታ ሄዳለች ተብሎ ተጽፎ፣ ከራሽን ካርዱ ስሜ ተሰርዞ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ስለ ሰርጌ ያወራል፤ ፈረሱ ዐሥራ ሁለት፣ ባሌ የወርቅ ጥርስ ያለው።» ፈገግ አለች። «ከተመለስኩ፣ ታዲያ የጫናችሁት ምን ነበር ይባላል። ዕዝራ ገና እዚያ ነው። ስለዚህ ቀረሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ እውነተኛ ባል አገባሁ። ጥርሱ ግን የወርቅ አልነበረም።»

የድልድዩን ግንብ ያዝኩ። ታክሲዎቹ በጎናችን እየጮኹ ያልፋሉ።

«መይሙና፣ እኔ ነኝ…»

«አውቃለሁ።»

«ጽሕፈት መኪናሽ፣ ትምህርትሽ…»

«ስሚኝ ሶስና።» እንደ ድሮው ያለ ድምፅ አወጣች፣ ጎረምሶቹን የምታስቀምጥበት ድምፅ። «አባትሽ መኪና ሲመርጡ ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው። አንቺንም መርጠውሻል። እኔን ግን ማንም አልመረጠኝም። የሰርጉን ነገር ያመጣሁት ራሴ ነኝ፤ አባቴም አባትሽም አይሆንም ብለው ነበር። የኔን ምርጫ አንቺም እሳቸውም አትውሰዱብኝ። አባትሽ በየዓመቱ እየመጡ ይቅርታ ይሉኝ ነበር፤ በየዓመቱ ማር እሰጣቸውና እሸኛቸው ነበር። አንድ ቀን እንኳ ተቀምጠው፣ ስንት ልጅ ወለድሽ፣ እርሻው እንዴት ነው፣ ብለው ሳይጠይቁኝ ሞቱ።» ነጠላዬን በእጇ አስተካከለችልኝ። «አንቺ ለይቅርታ ከሆነ እንዳትመጪ። ከናፈቅኩሽ ግን ነይ።»

ባለፈው መስከረም ሄድኩ። አምስት ልጆች አሏት፤ ሦስቱ ሴቶች ናቸው፤ ታናሽየዋ ነርስ ነች። እርሻውን ዞረን አየን። ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ ስለ በርበሬው ዋጋ፣ ስለ ልጄ ጋብቻ ስናወራ ዋልን። ስነሣ ማር ልትሰጠኝ አልሞከረችም።